በሰፈር መናፈሻ ተንቀሳቃሽ ሽንት ቤት ሲያስተዳድሩ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

የመናፈሻ ሽንት ቤት ሲሸት ወቀሳው ቶሎ የሚያርፈው ተጠቃሚው ላይ ነው። ብዙውን ጊዜ ግን ሽታው የሚጀምረው አስተዳዳሪው ሒሳብ ሲሠራ፣ ቦታ ሲመርጥና የጽዳት ተራ ሲያወጣ ነው።

የመታጠቢያውን ውኃ ከሒሳብ ማስቀረት

ትልቁ ስህተት ይህ ነው። የፕላስቲኩ ሽንት ቤት ታንከር እንደ ሥሪቱ ከ200 እስከ 260 ሊትር ገደማ ይይዛል። ከውጭ የሚመጡ መመሪያዎች አንዱ ክፍል ፍሳሹ እስኪነሳ ድረስ 200 ጊዜ ያህል ያገለግላል ይላሉ። ቁጥሩ የተሰላው ግን ሶፍት ብቻ ለሚጠቀም ሰው ነው። እኛ አገር ብዙ ሰው የሚጸዳው በውኃ ነው።

በ220 ሊትር ታንከር እንየው። ሥራ ሲጀምር 20 ሊትር ውኃና ሽታ የሚያጠፋ ሰማያዊ ኬሚካል ይገባበታል። አንድ ሰው በአማካይ ግማሽ ሊትር ቢጨምር፣ ከ200 ሰው በኋላ ድምሩ 120 ሊትር ነው። እያንዳንዱ ሰው በአንድ ሊትር ውኃ ከታጠበ ግን 200 ሰው 300 ሊትር ያመጣል። ታንከሩ ሦስት አራተኛው ሲሞላ መነሳት ስላለበት፣ በዚህ አያያዝ የሚችለው 95 ሰው ገደማ ነው።

መፍትሔው ውኃውን መከልከል አይደለም። ውኃ ያጣ ሰው በሃይላንድ ይዞ ይገባል፣ ባዶውን ፕላስቲክም እዚያው ይጥለዋል። ይልቅ የግማሽ ሊትር ጆግ በገመድ አስረው ያስቀምጡ፤ የሚያገለግሉት ሰዎች ቁጥር ወደ 145 ከፍ ይላል። የውኃ ሮቶውን ቧንቧም ከክፍሉ ውጭ ያድርጉት። ውስጥ ያለ ቧንቧ ተከፍቶ ከተረሳ ታንከሩን በአንድ ከሰዓት በኋላ ይሞላዋል።

ውኃው ኬሚካሉንም ያቀጥነዋል። ሰማያዊው ፈሳሽ ወደ አረንጓዴ ሲያደላ ኬሚካሉ እየደከመ ነው፤ ቡናማ ከሆነ ጊዜው አልፏል። ስለዚህ የማንሻውን ቀን በካላንደር ብቻ አይወስኑ፤ ጠዋት ጠዋት ክዳኑን ከፍተው ቀለሙንና ከፍታውን ይዩ።

በአዘቦት ቀን ቆጥሮ ለእሑድ ማቀድ

የሰፈር መናፈሻ ረቡዕና እሑድ አንድ አይደለም። በተለይ በጥር፣ ከዚያም ከፋሲካ በኋላ፣ ሙሽሮች ከነአጃቢዎቻቸው ለፎቶ ይመጣሉ። በሳምንት ሁለት ጊዜ የሚነሳ ከሆነ ዓርብ ከሰዓትና ሰኞ ጠዋት ይሁን። የሰርግ ወቅት ሲደርስ ቅዳሜ ማታ ሦስተኛ ዙር ይጨምሩ። በሁለት ዙር መካከል የሚጠብቁትን የሰው ብዛት ለ95 ወይም፣ ጆግ ካስቀመጡ፣ ለ145 አካፍለው የክፍሉን ቁጥር ያውጡ፤ ለብልሽትም አንድ ትርፍ ያስቡ።

የፍሳሽ መኪናው የማይደርስበት ቦታ መምረጥ

ጥግ ላይ፣ ከዛፍ ጀርባ መደበቅ ለዓይን ይመቻል። ነገር ግን የመምጠጫው ቱቦ በረዘመ ቁጥር መሳቡ ይደክማል፤ መኪናው እስከ 8 ሜትር ድረስ ቢጠጋ ጥሩ ነው። በክረምት ደግሞ የተጫነ መኪና ሣር ላይ ከወጣ ይሰምጣል፣ መናፈሻውንም ያርሰዋል። ኮብልስቶን ወይም ጠጠር መንገድ ዳር ያስቀምጡት። ከወንዝና ከጉድጓድ ውኃ ቢያንስ 30 ሜትር ይራቅ፤ ጎርፍ የሚሄድበት ረባዳ ቦታም አይሁን።

በሩ ወደ ቁጥቋጦ ሳይሆን ሰው ወደሚያልፍበት መንገድ ይዙር። ሴቶችና ልጆች የሚጠቀሙት ሲታይና ሲበራ ነው። ማታ ክፍት ከሆነ የሶላር መብራት ያስፈልገዋል።

ሳያስተካክሉ ማቆም

መሬቱ ካዘመመ በሩ አይገጥምም፣ ፈሳሹም ወደ አንድ ወገን ይሄዳል። ውኃ ልክ ተጠቅመው ያስተካክሉት። ባዶ ክፍል ክብደቱ 100 ኪሎ ገደማ ስለሆነ ነፋስ ሊጥለው ይችላል፤ ከታች ባሉት ቀዳዳዎች በብረት ካስማ ይታሰር።

በረኪና መጨመር

ሽታ ሲመጣ በረኪና ታንከሩ ውስጥ መድፋት የተለመደ ነው። ይህ አደገኛ ነው። በረኪና ሽንት ውስጥ ካለው አሞኒያ ጋር ሲገናኝ ክሎራሚን የተባለ ሳንባ የሚጎዳ ጋዝ ይወጣል፣ ክፍሉም ጠባብ ነው። በባክቴሪያ የሚሠራ ማከሚያ ከሆነም ባክቴሪያውን ይገድለዋል። በረኪና የሚያስፈልገው ለእጀታና ለመቀመጫ ነው፤ እሱም ተበጥብጦ፣ በጨርቅ።

የአየር ቧንቧውን መርሳት

ከታንከሩ ተነስቶ ከጣሪያ በላይ የሚወጣው ቧንቧ ሽታውን ወደ ላይ የሚስበው የመቀመጫው ክዳን ሲዘጋ ነው። ክዳኑ ከተሰበረ ሽታው ክፍሉ ውስጥ ይቀራል፤ ሌላ ነገር ከመግዛትዎ በፊት ክዳኑን ያስጠግኑ። የጎን ወንፊቶችም በማስታወቂያ ወረቀት አይለጠፉ።

የጽዳቱን ቅደም ተከተል ማዛባት

ኬሚካሉን ጨምሮ ግድግዳ የሚያጥብ ሠራተኛ ኬሚካሉን በእጥበት ውኃ አቅጥኖታል ማለት ነው። ቅደም ተከተሉ እንዲህ ነው፦ በረጅም መቆንጠጫ ጠርሙስና ጨርቅ ማውጣት፤ ፍሳሹን መምጠጥ፤ ከጣሪያ ወደ ታች ማጠብ፤ የእጥበቱን ውኃ እንደገና መምጠጥ፤ መጨረሻ ላይ 20 ሊትር ውኃና በጠርሙሱ ላይ የተጻፈውን መጠን ኬሚካል መጨመር። ውኃውን አይቀንሱ። የታንከሩን ወለል ካልሸፈነ ዓይነ ምድሩ ከፈሳሹ በላይ ተቆልሎ ይሸታል።

ሠራተኛው ወፍራም ጓንት፣ ቦቲና የዓይን መከላከያ ይኑረው፤ የቴታነስና የሄፓታይተስ ክትባትም ሊያገኝ ይገባዋል። ይህን ወጪ የሚቀንስ ሰው የሚቀንሰው ከሠራተኛው ጤና ነው።

ቅርጫት አለማስቀመጥ

የንጽህና መጠበቂያና ዳይፐር የሚጣልበት ባለ ክዳን ቅርጫት ከሌለ ሁሉም ታንከር ውስጥ ይገባና ቱቦውን ይደፍናል። ቅርጫቱ በየቀኑ ይደፋ።

ለሁሉም አንድ ዓይነት ክፍል

ዊልቸር ለመዞር 1.5 ሜትር ስፋትና ደረጃ የሌለው መግቢያ ይፈልጋል፤ ቢያንስ አንድ ክፍል እንዲህ ይሁን። መቀመጫ ላይ የጫማ አሻራ ከበዛ ሰዉ ቁጢጥ ማለት ይፈልጋል ማለት ነው። በማስታወቂያ ከመከልከል ከክፍሎቹ ግማሹን ቁጢጥ የሚባልበት ዓይነት ማድረግ መቀመጫውንም ከመሰበር ያድነዋል።

ፍሳሹ የት እንደሚደፋ አለመጠየቅ

በርካሽ የሚያነሳ መኪና ሌሊት ወንዝ ዳር ወይም ጎርፍ መውረጃ ውስጥ ሊደፋው ይችላል። በአዲስ አበባ ፍሳሹ መድረስ ያለበት እንደ ቃሊቲ ባለ ማጣሪያ ጣቢያ ነው። ውል ሲፈርሙ ለእያንዳንዱ ዙር የማራገፊያ ደረሰኝ እንዲቀርብ ያስገቡበት፤ ደረሰኝ ላልቀረበበት ዙር ክፍያ አይፈጽሙ።