ለሶሊድ ቱመር ቲ ሴል ኢንጌጀር ስትነድፉ ሁለተኛውን ሲግናል እንዴት ታስገባላችሁ

ሰሞኑን ደሴ ፒያሳ ቡና እየጠጣን ሁለት የማስተርስ ተማሪዎች የፕሮፖዛል ሐሳባቸውን ደብተር ላይ ስለው አሳዩኝ፣ አንዱ ጫፍ የቲ ሴሉን (ካንሰር መግደል የሚችለውን የመከላከያ ሴል) ሲዲ3 የሚባል ፕሮቲን ሌላው ጫፍ የካንሰሩን ፕሮቲን የሚይዝ ባይስፔሲፊክ (ባለ ሁለት መያዣ) አንቲቦዲ፣ ቲ ሴል ኢንጌጀር የሚባለው ማለት ነው። ስዕሉ ልክ ነው ግን ግማሽ ነው፣ ስለዚ ለነሱ ያልኳቸውን ዘርዘር አርጌ ልጻፈው ብዬ ነው፣ ኢሚዩኖሎጂ ለምትማሩ ሁሉ ይጠቅማል።

መጀመሪያ የጎደለውን እዩ። ቲ ሴል በሲዲ3 ብቻ ሲነካ ሲግናል አንድ አገኘ ማለት ነው፣ ይነሳል ይገድላል፣ ግን በሲዲ28 ወይ በ4-1ቢቢ (ቲ ሴሉ ላይ ያሉ ሌሎች ተቀባዮች) በኩል ሁለተኛው ሲግናል ካልመጣለት በደንብ አይባዛም ቶሎም ይደክማል። ብሊናቱሞማብ የሚባለው ኢንጌጀር በ2014 እ.ኤ.አ. ለደም ካንሰር ሲጸድቅ ሲግናል አንድን ብቻ ይዞ ነው፣ እዛ ቲ ሴሉና ካንሰሩ በቀላሉ ይገናኛሉ። ሶሊድ ቱመር ውስጥ፣ ማለትም እንደ ጡትና አንጀት ያለ ዕጢ ውስጥ ግን የሚገባው ቲ ሴል ትንሽ ነው፣ ብዙው የዕጢ ሴል ደግሞ ሲዲ28ን የሚቀሰቅሱት ሲዲ80 እና ሲዲ86 የሚባሉ ፕሮቲኖች የሉትም። አይሆንም ማለት አይደለም፣ ታርላታማብ የሚባል ሌላ ኢንጌጀር በ2024 ለስሞል ሴል የሳንባ ካንሰር አሜሪካ ጸድቋል፣ ግን የማይሠራላቸው ወይ ሠርቶላቸው ካንሰሩ የሚመለስባቸው ታካሚዎች ብዙ ናቸው።

እሺ ሁለተኛውን ሲግናል እንጨምር ስትሉ ቀጥታ ሲዲ28ን የሚቀሰቅስ አንቲቦዲ እንዳትስሉ! በማርች 2006 ለንደን ውስጥ ቲጂኤን1412 የሚባል እንደዛ ያለ አንቲቦዲ ለስድስት ጤነኛ ሰዎች ተሰጠ፣ መጠኑ እንስሳ ላይ ችግር ካላሳየው 500 ጊዜ ያንሳል፣ ሆኖም በሰዓታት ውስጥ ሳይቶካይን ስቶርም (የመከላከያ ሴሎች መልእክት ኬሚካል ከልክ በላይ መፍሰስ) ተነስቶባቸው ስድስቱም አይሲዩ ገቡ፣ እግዜር ይመስገን ሁሉም ተርፈዋል። ይሄን ታሪክ ሳያነብ ኮስቲሙሌሽን (ሁለተኛውን ሲግናል) የሚነድፍ ሰው ባይኖር ደስ ይለኛል።

መፍትሄው ሲግናል ሁለትንም ከዕጢው ጋር ማሰር ነው። የሰፈራችንን የቅሬ (የዕድር) ሳጥን አስቡት፣ አንዱ ቁልፍ ዳኛው ጋ ሌላው ገንዘብ ያዡ ጋ ነው፣ ሁለቱ አንድ ቦታ ካልተገናኙ አይከፈትም። አንዱ አንቲቦዲ ሲዲ3ን ከዕጢ ፕሮቲን ሀ ጋር ይይዛል፣ ሌላው ሲዲ28ን ከዕጢ ፕሮቲን ለ ጋር፣ ሀ እና ለ አብረው የሚገኙት ዕጢው ላይ ብቻ እንዲሆን ትመርጣላችሁ። የሁለቱንም ኤፍሲ ክፍል (የአንቲቦዲውን ግንድ) ዝም አሰኙት፣ አለዚያ የሌላ ሴል ኤፍሲ ሪሴፕተር ይይዘውና ዕጢ በሌለበት ቁልፉ ይዞራል።

ምርጫው ላይ ብዙ ጊዜ ስጡ። ከኮምቦልቻ የምትመላለሰዋ ልጅ ለአንጀት ካንሰር ኤፕካም እና ሲኢኤ የሚባሉ ፕሮቲኖችን መርጣ ነበር። እዛው ጠረጴዛ ላይ ስልኳን አውጥታ ሂውማን ፕሮቲን አትላስ ላይ (የትኛው ፕሮቲን የትኛው የሰውነት ክፍል ላይ እንዳለ የሚያሳይ ድረገጽ፣ በነፃ ነው የሚከፈተው) አንድ በአንድ ፈለግን፣ ኤፕካም ጤነኛ አንጀት ላይ አለ፣ ሲኢኤም ጤነኛ አንጀት ላይ አለ። ሁለቱን ቁልፍ አንድ ቤት ማስቀመጥ በሉት። ለጣፊያ ሳይሆን ለቆሽት ካንሰር (ሁለቱን የሚያምታታ ስላለ ነው) ሲኢኤን ሜሶተሊን ከሚባል ፕሮቲን ጋር ብታስቡ ይሻላል፣ ሜሶተሊን ጤነኛ ሰው ላይ በዋናነት ያለው ሳንባን ልብንና ሆድ ዕቃን በሚሸፍነው ስስ ሽፋን ላይ ነው፣ አንጀቱ ጋ አይደራረቡም።

ሲዲ28 ወይስ 4-1ቢቢ? ሲዲ28 ገና ያልነቃ ቲ ሴል ላይም ስላለ ቶሎ ይሠራል፣ 4-1ቢቢ ሴሉ ከነቃ በኋላ ነው የሚወጣው፣ ዕድሜውን ያራዝማል። 4-1ቢቢም ካልታሰረ አደጋ ነው፣ እሱን የሚቀሰቅሰው ዩሬሉማብ የሚባል አንቲቦዲ ጉበት ስለጎዳ መጠኑ መቀነስ ነበረበት።

ሙከራውን ስትጽፉ ኮንትሮል (ማነጻጸሪያ) አታጉድሉ። እኔ ተማሪ እያለሁ ኮንትሮሉ ጎዶሎ ነው ተብሎ ፕሮፖዛሌ ተመልሶብኛል፣ ልክም ነበሩ። ቲ ሴል ከዕጢ ሴል ጋር ያለ መድኃኒት፣ የሲዲ3ው ብቻ፣ የሲዲ28ቱ ብቻ፣ ሁለቱ አንድ ላይ፣ ከዛ እነዚህን ሁሉ፣ ፕሮቲን ለ በሌለው የዕጢ ሴል ላይ ድገሟቸው። የሲዲ28ቱ ብቻውን ኢንተርፌሮን ጋማ (የነቃ ቲ ሴል የሚለቀው ኬሚካል) ካስወጣ ዲዛይኑን ጣሉት። ደግሞ አንድ ዕጢ ሴል ላይ አስር ቲ ሴል ጨምራችሁ በ24 ሰዓት ብትለኩ ሲዲ3 ብቻውን ሁሉንም ሊገድልና የሁለተኛው ጥቅም ላይታያችሁ ይችላል፣ ቲ ሴሉን አሳንሱት፣ በየሁለት ሦስት ቀኑ አዲስ የዕጢ ሴል እየጨመራችሁ ቢያንስ ሁለት ሳምንት ተከታተሉ፣ የድካም ምልክት የሆኑትን ፒዲ-1 እና ቲም-3ም ለኩ። ፍሎው ሳይቶሜትር (ሴል ላይ ያሉ ፕሮቲኖችን የሚለካ ማሽን) የሌላችሁ ይሄን ክፍል ማሽኑ ካለበት ቦታ ጋር በትብብር ብላችሁ ጻፉት፣ የአትላሱን ፍለጋ ግን ዛሬ ማታ በስልካችሁ ጨርሱት።