ፌስታሉን ከከሰሉ አርቁልኝ

ባለፈው እሑድ እንደገና አየሁት። አንድ ልጅ አዲስ ባርቤኪው ፊት ቁጢጥ ብሎ ፌስታል በክብሪት እየለኮሰ ከሰሉ ላይ ያንጠባጥባል። «ኧረ ምን እያደረግህ ነው?» ስለው «ጋሼ፣ ለማያያዝ ብቻ እኮ ነው» አለኝ። ለማያያዝ ብቻ! ፌስታሉ ቀልጦ ከሰሉ ላይ ይለጠፋል፣ ጭሱ ስጋው ላይ ያርፋል፣ ስጋውን ደግሞ እኛ እንበላዋለን። ላምባም ያው ነው። ከሰሉ ይጠጣዋል፣ ከዚያ ጎድኑ ፋኖስ ፋኖስ ይላል። ከሁሉ የሚያናድደኝ ግን ነበልባሉ ቦግ ሲል «ተያያዘ!» ብለው ስጋውን መዘርገፋቸው ነው። አልተያያዘም! ነበልባል ስጋውን ላዩን ያጠቁረዋል፣ ውስጡ ጥሬ ይቀራል። ከሰሉ ግራጫ አመድ እስኪለብስ ጠብቁ። ሃያ፣ ሃያ አምስት ደቂቃ ነው፤ ክረምት ላይ እርጥበት የገባው ከሰል ከሆነ ከዚያም ይበልጣል። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፣ አየሩ ስስ ነው፣ እሳቱ እንደ ቆላ ቶሎ አይነሳላችሁም። እኔ የምጠቀመው ትልቅ የቲማቲም ድልህ ጣሳ ነው። ላይና ታቹን ቆርጬ ግርጌውን ዙሪያውን በሚስማር በስቼዋለሁ። ከታች ወረቀትና ጭራሮ፣ ከላይ ከሰል፤ አየሩን ራሱ እየሳበ ይያያዛል።

በርሜል አሰንጥቃችሁ ባርቤኪው የምታሠሩ ደግሞ መርካቶ፣ ምናለሽ ተራ ስትሄዱ ዋጋ ብቻ አትከራከሩ። በርሜሉ ምን ነበረበት? ኬሚካል ከነበረበት ተዉት። ዘይት ከሆነ ስጋ ከመንካቱ በፊት ቀለሙ ተላጦ እስኪያልቅ በኃይለኛ እሳት ባዶውን አቃጥሉት። ፍርግርጉ ዚንክ የተቀባ ብረት ከሆነ አልቀበልም በሉ፤ ዚንክ በጣም ሲግል የሚወጣው ጭስ ያሳምማል።

ስጋውን በሹካ እየወጋችሁ አታገላብጡ፣ ጉጠት ግዙ። ስብ ተንጠባጥቦ እሳቱ ሲነሳ ውሃ አትድፉበት፤ አመዱ ተነስቶ ስጋው ላይ ይለጠፋል። ስጋውን ወደ ጎን አድርጉና ክዳኑን ክደኑ። ዶሮ ከሆነ ውስጡ 74 ዲግሪ ይድረስ። የበሬ ጥሬ እንበላለን ተብሎ በዶሮ አይቀለድም።

ስሞከር፣ ማለትም ስጋ በጭስ የሚያበስል ምድጃ ያላችሁ ሰዎች፣ ባሕር ዛፍ ተዉኝ። ደጃፋችን ላይ የሚገኘው እሱ እንደሆነ አውቃለሁ። ግን ለጉንፋን የምንታጠነው ነገር ለፍርምባ አይሆንም። እናቶቻችን ጋኑንና የወተቱን ዕቃ በምን ያጥኑ ነበር? በወይራ። በደንብ የደረቀ ወይራ፣ ያውም ትንሽ። ወፍራም ነጭ ጭስ ሲወጣ ደስ አይበላችሁ፣ ስጋውን ያመርረዋል፤ የአየር ማስገቢያውን ከፈት አድርጉና ጭሱ እስኪሳሳ ጠብቁ። ቀለም የተቀባ የግንባታ እንጨትማ ጭራሽ አይነሳ።

አሁን የራሴን ልናዘዝ። ካዛንቺስ የነበረው ግቢያችን ሳይፈርስ፣ ሐምሌ ላይ የምርቃት ድግስ ነበረን። ዝናቡ ወረደ። ባርቤኪውን ጎትቼ ድንኳን ውስጥ አስገባሁትና ብርድ እንዳይገባ ሸራውን ሁሉ አወረድን። «ፍም ሆኗል፣ አያጨስም» አልኩ። ትንሽ ቆይቶ አንዷ አክስቴ ራሴን አለች፣ ቀጥሎ የተመራቂዋ ጓደኛ አስመለሳት፣ እኛ «ጠጁ ነው» እያልን እንስቃለን። ጠጅ ያልቀመሰ ሕፃን ድንዝዝ ሲል ነው የባነንኩት። ሸራውን ገልጠን ሁሉንም ወደ ዝናቡ አወጣናቸው፣ እግዚአብሔር ይመስገን ሁሉም ዳኑ። የማያጨሰው ፍም ነው የሚገድለው። ከፍሙ የሚወጣው መርዛማ ጋዝ፣ ካርቦን ሞኖክሳይድ፣ አይታይም፣ አይሸትም። ድንኳን፣ በረንዳ በሸራ የተጋረደ፣ ጋራዥ፣ በሩ ገርበብ ያለም ቢሆን፣ አይሆንም። ከዘነበ ስጋው ይቅር፣ ሽሮ ይሠራ።

ጽዳቱ ላይ ብዙ አልልም። ፍርግርጉን ትኩስ እያለ በሽቦ ብሩሽ ፈግፍጉት፣ የተነቀለ ሽቦ ተለጥፎ እንዳይቀር ደግሞ በጨርቅ ጥረጉት። አመዱን በማግስቱም ቢሆን ፕላስቲክ ቅርጫት ውስጥ እንዳትደፉት፣ ፍም ተደብቆ ያድራል። ዋናው ችግር የቅበላ ዕለት ጠብሰን እስከ ፋሲካ መርሳታችን ነው። ሃምሳ አምስት ቀን ሙሉ አመድ ከነስቡ እዚያው ይተኛል፣ የበልግ ዝናብ ይጨመርበታል፣ አመድና እርጥበት ተባብረው ብረቱን ይበሉታል። የመጀመሪያው በርሜሌ እንዲህ ነው ያለቀው። የፋሲካ ጠዋት ብድግ ሳደርገው ታቹ መሬት ላይ ቀረ።