ከኤልቪኤን ወደ አርኤን፦ የሚያዋጣ ብሪጅ ፕሮግራም እንዴት እንደሚመረጥ

ዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ ባሉ ነርሲንግ ሆሞች አማርኛ መስማት ብርቅ አይደለም። ብዙው ሐበሻ በሲኤንኤ (በነርስ ረዳትነት) ይጀምራል፤ ከዚያ ኤልፒኤን (ከአርኤን አንድ እርከን ዝቅ ያለ ፈቃድ ያለው ነርስ) ይሆናል። ካሊፎርኒያና ቴክሳስ ይህንኑ ፈቃድ ኤልቪኤን ይሉታል። ስሙ ይለያይ እንጂ ፈተናው አንድ ነው፣ ኤንክሌክስ ፒኤን። ቀጣዩ እርከን አርኤን፣ ማለትም ሙሉ ፈቃድ ያለው ነርስ መሆን ነው። የአሜሪካ የሠራተኛ ስታቲስቲክስ ቢሮ ለ2024 ባወጣው አሃዝ የኤልፒኤን መካከለኛ የዓመት ደመወዝ 62,340 ዶላር ነው። የአርኤን 93,600 ነው። ገንዘቡ ብቻ አይደለም፤ ለኤልቪኤን የተዘጉ ብዙ የሆስፒታል በሮች ለአርኤን ይከፈታሉ።

ብሪጅ ፕሮግራም ማለት እስካሁን የተማራችሁት ተቆጥሮላችሁ፣ ከዜሮ ሳትጀምሩ ወደ አርኤን የምትሻገሩበት ትምህርት ነው። በብዙ ኮሚዩኒቲ ኮሌጆች የመጀመሪያውን ዓመት ዘላችሁ ሁለተኛው ላይ ትገባላችሁ። ሐሳቡ ጥሩ ነው። ችግሩ አመራረጣችን ላይ ነው። ከቅዳሴ በኋላ አንዱ "እዚያ ግቢ፣ በዓመት ታልቂያለሽ" ይላል፤ በሳምንቱ ሦስት ሰው ተመዝግቦ ይገኛል። ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች የሚባለው ለዚህ ነው። "መቼ ያልቃል?" ከማለታችሁ በፊት "ከገቡት ስንቱ ይጨርሳል?" በሉ። ከታች ያለው ሁሉ ወደዚህ ጥያቄ ይመለሳል።

1. መጀመሪያ ብሪጅ ያስፈልጋችሁ እንደሆነ አጣሩ

አገር ቤት በነርሲንግ ተመርቃችሁ እዚህ በኤልፒኤን ወይም በሲኤንኤ የምትሠሩ ካላችሁ፣ ለማንም ትምህርት ቤት ብር ከመክፈላችሁ በፊት የምትኖሩበትን ስቴት የነርሲንግ ቦርድ (የነርስ ፈቃድ የሚሰጠውን መሥሪያ ቤት) ጠይቁ። ውጭ የተማረ ነርስ ትምህርቱ ተገምግሞ፣ ብቁ ከሆነ በቀጥታ ለአርኤን ፈቃድ ፈተናው፣ ለኤንክሌክስ አርኤን፣ የሚቀርብበት መንገድ አለ። ግምገማውን ብዙ ጊዜ የሚሠራው ሲጂኤፍኤንኤስ የተባለ ድርጅት ነው፤ ከ2025 ጀምሮ ስሙን ትሩሜሪት ብሎታል። ብዙ ስቴቶች የእንግሊዝኛ ፈተናም ይጠይቃሉ። ትራንስክሪፕቱ ከተማራችሁበት ኮሌጅ በቀጥታ መላክ ስላለበት፣ አዲስ አበባ ወይም ጎንደር ሆኖ ሬጅስትራር ደጅ የሚጠናላችሁ ዘመድ ያስፈልጋል። አድካሚ ነው። ግን ሁለት ዓመት ድጋሚ ከመማር ይሻላል። የጎደለ ኮርስ ካለ ቦርዱ ይነግራችኋል፤ ያን ጊዜ የጎደለውን ብቻ መሙላት ይቻል እንደሆነ ትጠይቃላችሁ።

2. አሶሼት ወይስ ባችለር?

ሁለቱም የሚፈተኑት አንድ ኤንክሌክስ አርኤን ነው። ሁለቱም አርኤን ይሆናሉ። አሶሼቱ (የሁለት ዓመቱ ዲግሪ) ያጥራል፣ ይረክሳል። ባችለሩ ደግሞ ባችለር በሚመርጡ ትልልቅ ሆስፒታሎች ለመቀጠር ይረዳል። ኒው ዮርክ በ2017 መጨረሻ ባወጣችው ሕግ አዲስ አርኤኖች በ10 ዓመት ውስጥ ባችለር እንዲይዙ ታስገድዳለች።

የእኔ ምክር ይህ ነው፦ ልጆች ያላችሁ፣ ቤት ኪራይ የምትከፍሉ፣ ገንዘብ ወደ አገር ቤት የምትልኩ ከሆነ አሶሼቱን በኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ጨርሱ። አርኤን ሆናችሁ ሥራ ከያዛችሁ በኋላ ባችለሩን ኦንላይን ትቀጥላላችሁ። ብዙ ሆስፒታሎች ለሠራተኛ የትምህርት ክፍያ ይረዳሉ፤ በዓመት እስከ 5,250 ዶላር ድረስ ያለው ከታክስ ነፃ ነው። ወጣት ከሆናችሁና ኃላፊነት ከሌለባችሁ ግን በቀጥታ ወደ ባችለር መግባቱ ያዋጣል።

3. ፈቃዱን ከቦርዱ ድረ ገጽ እንጂ ከትምህርት ቤቱ ብሮሹር አትመልከቱ

ሁለት የተለያዩ ነገሮች አሉ። አንደኛው የስቴቱ ነርሲንግ ቦርድ ፈቃድ ነው። እሱ ከሌለ ኤንክሌክስ መቀመጥ አይቻልም፤ ወሬው እዚያ ላይ ያበቃል። ሁለተኛው አክሬዲቴሽን (የትምህርት ጥራት እውቅና) ነው። በነርሲንግ የሚታወቁት እውቅና ሰጪዎች ሦስት ናቸው፦ ኤሴን፣ ሲሲኤንኢ እና ሲኤንኢኤ። ሲሲኤንኢ አሶሼት አይገመግም፤ ባችለርና ከዚያ በላይ ብቻ ነው። ስለዚህ አንድ ትምህርት ቤት "የአሶሼት ፕሮግራማችን ሲሲኤንኢ አለው" ካለ ቦርሳችሁን ይዛችሁ ውጡ። "በሂደት ላይ ነን" የሚል መልስም መልስ አይደለም። ያለዚህ እውቅና የተማረ ሰው በኋላ ባችለር ልቀጥል ሲል ክሬዲቱን የሚቀበለው ኮሌጅ ሊያጣ ይችላል።

እዚህ ላይ ጠበቅ የማደርገው በምክንያት ነው። እ.ኤ.አ. በጥር 2023 የአሜሪካ ፌዴራል መንግሥት ኦፕሬሽን ናይቲንጌል የተባለ ምርመራ ውጤት ይፋ አደረገ። ደቡብ ፍሎሪዳ የነበሩ ሦስት የነርሲንግ ትምህርት ቤቶች ከ7,600 በላይ የሐሰት ዲፕሎማና ትራንስክሪፕት ሸጠው ተገኙ። 25 ሰዎች ተከሰሱ። ከገዢዎቹ ውስጥ ኤልፒኤን ሆነው አርኤን መሆን የፈለጉ ነበሩበት። ፈተናውን አልፈው ሥራ ላይ የነበሩ ጭምር ፈቃዳቸውን በየስቴቱ ማጣት ጀመሩ። "ክላስ አትመጣም፣ ወረቀቱን እንጨርስልሃለን" የሚላችሁ ሰው፣ የቅርብ ወዳጅም ቢሆን፣ ይህን አስታውሱና እምቢ በሉት።

4. ላይሰንሱ ስቴት ሲቀየር ይሠራል?

ዛሬ ሎስ አንጀለስ ያለ ሰው ነገ ዳላስ ሊገባ ይችላል። ካሊፎርኒያ ውስጥ "የ30 ዩኒት አማራጭ" የሚባል ነገር አለ። ኤልቪኤን የሆነ ሰው ዲግሪ ሳይዝ፣ ቢበዛ 30 ሴሚስተር ዩኒት ተምሮ ለኤንክሌክስ አርኤን ይቀርባል። በጣም ይማርካል። ነገር ግን በዚህ መንገድ አርኤን የሆነ ሰው ያልተመረቀ ነርስ ተብሎ ነው የሚመዘገበው። ሌሎች ስቴቶች ላይሰንሱን ላይቀበሉት ይችላሉ። ከሁሉም የሚከፋው፣ በኋላ ዲግሪ ብትይዙም ያ ምዝገባ አይቀየርም። እኔ ይህን መንገድ ለማንም አልመክርም።

ኦንላይን ነን የሚሉትንም በዚህ ዓይን እዩ። ቲዎሪው ኦንላይን ቢሆን ችግር የለውም። ክሊኒካሉ (ታካሚ ላይ የሚደረገው ልምምድ) ግን በአካል፣ አስተማሪ ባለበት መሆን አለበት። ትምህርት ቤቱ ሌላ ስቴት ከሆነ ለራሳችሁ ቦርድ ኢሜይል ጻፉና "ከዚህ ትምህርት ቤት የተመረቀ ሰው እዚህ ላይሰንስ ያገኛል ወይ?" ብላችሁ በጽሑፍ መልስ ተቀበሉ። ሜሪላንድ፣ ቨርጂኒያና ቴክሳስ የነርሶች የጋራ ላይሰንስ ስምምነት ውስጥ ስላሉ እዚያ የሚኖር ነርስ በአንድ ላይሰንስ በሌሎቹም አባል ስቴቶች ይሠራል። ካሊፎርኒያና ኒው ዮርክ ውስጡ የሉም።

5. የማለፊያ መቶኛውን ብቻ አትመኑ

የስቴት ቦርዶች የየትምህርት ቤቱን የኤንክሌክስ ውጤት በየዓመቱ ያወጣሉ። ሠንጠረዡ ላይ ስንት ሰው እንደተፈተነና ስንት በመቶው በመጀመሪያ ሙከራ እንዳለፈ ይታያል። የአንድ ዓመት ሳይሆን የአራት አምስት ዓመት እዩ። ካሊፎርኒያ ከ75 በመቶ፣ ቴክሳስ ከ80 በመቶ በታች የሚወርድ ትምህርት ቤትን ለጥያቄ ያቀርባሉ፤ ለእናንተ ግን ከዚያ በጣም ከፍ ያለ ይገባችኋል።

አሁን በደንብ ልብ በሉ። እንበልና 40 ተማሪ ገባ። በመጀመሪያው ሴሚስተር 12 ወደቀ ወይም አቋረጠ። 28 ቀረ። ትምህርት ቤቱ የራሱ የመውጫ ፈተና አለው፤ እሱን ያላለፉ 8 ሰዎች ለኤንክሌክስ እንዳይቀርቡ ተያዙ። 20 ተፈተኑ፣ 19 አለፉ። ቦርዱ ሠንጠረዥ ላይ 95 በመቶ ተብሎ ይነበባል። ሲያዩት ያጓጓል። ከገቡት ሲሰላ ግን 19 ከ40 ነው፤ ከግማሽ በታች። በመንገድ የቀሩት 21 ሰዎች ክፍያቸው አልተመለሰላቸውም።

ስለዚህ ስልክ ደውላችሁ እንዲህ ጠይቁ፦ "ባለፈው ዓመት በብሪጅ ስንት ገብቶ ስንት ተመረቀ? የመውጫ ፈተናችሁን ያላለፈ ሰው ምን ይሆናል? አንድ ኮርስ የወደቀ ሰው መድገም ይችላል?" የብሪጅ ተማሪዎችን ለብቻ እንጂ ከሌሎቹ ጋር የተደባለቀ ቁጥር አትቀበሉ። መልሱን የሚያድበሰብስ ትምህርት ቤት መልሱን ሰጥቷችኋል።

ልምድ ያለው ኤልቪኤን ለምን ይወድቃል? ዓመታት የሠራ ሰው መድኃኒት መስጠትና ቁስል መጥረግ አያቅተውም። አርኤን ላይ የሚጠየቀው ሌላ ነው። አራት ታካሚ ይሰጣችኋል፦ አንዱ ሕመም አለው፣ አንዷ ነገ ትወጣለች፣ አንዱ ስኳሩ ከፍ ብሏል፣ አንዱ ከቀዶ ጥገና ተመልሶ ድንገት መቅበጥበጥ ጀምሯል። ማን ጋ ቀድማችሁ ትገባላችሁ? የሚቅበጠበጠው ጋ ነው፤ አየር አጥሮት ወይም ደም እየፈሰሰው ሊሆን ይችላል። እንዲህ ያለ ጥያቄ ላይ "እኛ ሥራ ቦታ እንዲህ ነው የምናደርገው" የሚለው ልማድ ይጥላል። ጥሩ ብሪጅ ፕሮግራም ይህንን አስተሳሰብ የሚያስለምድ የመሸጋገሪያ ኮርስ ከመጀመሪያው ይሰጣል። ኮርሱ ስንት ሳምንት እንደሆነና ማን እንደሚያስተምረው ጠይቁ። ከኤልፒኤን ተነስቶ አርኤን የሆነ አስተማሪ ካለ ትልቅ ነገር ነው።

6. ቅድመ ኮርሶቻችሁን ከቀኑ ጋር አስሉ

አናቶሚና ፊዚዮሎጂ አንድና ሁለት፣ ማይክሮባዮሎጂ፣ እንግሊዝኛ፣ ሳይኮሎጂ፣ አንዳንዴ ስታቲስቲክስ ይጠየቃሉ። "የ12 ወር ፕሮግራም" የሚለው ማስታወቂያ እነዚህን አይቆጥርም። ብዙ ትምህርት ቤቶች የሳይንስ ኮርስ ከ5 ወይም ከ7 ዓመት በላይ ከሆነው አይቀበሉም። ትራንስክሪፕታችሁን አውጡና ከእያንዳንዱ ሳይንስ ኮርስ ጎን የጨረሳችሁበትን ዓመት ጻፉ። ሊቃጠልባችሁ የደረሰ ካለ የማመልከቻ ጊዜያችሁን የሚወስነው እሱ ነው። መግቢያ ፈተናው እንደየትምህርት ቤቱ ቲስ ወይም ሄሲ ነው፤ ስንት ጊዜ መፈተን እንደሚፈቀድ ጠይቁ።

7. ሳምንታችሁን ወረቀት ላይ አስፍሩ

ብዙዎቻችን የምንወድቀው በጭንቅላት ሳይሆን በእንቅልፍ ነው። አርብ፣ ቅዳሜና እሑድ ናይት የምትሠሩ ከሆነና የትምህርት ቤቱ ክሊኒካል ሰኞ ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ከጀመረ፣ ከሥራ በቀጥታ ወደ ክሊኒካል ልትሄዱ ነው። አይሆንም። ለታካሚውም አደገኛ ነው። ያለፈውን ሴሚስተር ትክክለኛ ሰሌዳ እንዲልኩላችሁ ጠይቁ፤ "ለሠራተኛ የሚመች" የሚለው ቃል አይበቃም። ክሊኒካሉ የትኛው ሆስፒታል እንደሆነ፣ ከቤታችሁ ስንት ሰዓት እንደሚነዳም እወቁ። ደብል መሥራት ትታችሁ በሳምንት ሁለት ሺፍት ብቻ ብትሠሩ ቤታችሁ ይቆማል ወይ? ይህን ከባለቤታችሁ ጋር አሁን ተነጋገሩበት።

8. ገንዘቡ

ልዩነቱ የሰማይና የምድር ነው። የካሊፎርኒያ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ለነዋሪ በዩኒት 46 ዶላር ነው የሚያስከፍለው። ለትርፍ የሚሠሩ የግል ትምህርት ቤቶች ለዚያው ላይሰንስ በአስር ሺዎች ይጠይቃሉ። የግሎቹ የሚስቡት ወረፋ ስለሌላቸው ነው፤ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ውስጥ ነጥብ ወይም ዕጣ አለ። ቢሆንም አንድ ዓመት ጠብቆ 30 ሺህ ዶላር ዕዳ አለመግባት ብዙ ጊዜ ያዋጣል።

ፋፍሳ (የፌዴራል የትምህርት ድጋፍ ማመልከቻ) ሙሉ፤ ግሪን ካርድ ያለው፣ ጥገኝነት ያገኘ፣ ስደተኛ ሆኖ የገባም ይችላል። አንድ ነገር ግን ብዙ ሐበሻን ያስደነግጣል። ፔል ግራንት (የማይመለሰው የፌዴራል ድጋፍ) ባችለር ላለው አይሰጥም፤ ባችለሩ ከአገር ቤት ቢሆንም ያው ነው። በሒሳብ አያያዝ ዲግሪ ይዛችሁ ከመጣችሁ፣ ፔልን በጀታችሁ ውስጥ አታስገቡ። ዲግሪውን መደበቅም አይታሰብ። ዕቁብ ካላችሁ ዕጣችሁ ከሁለተኛው ሴሚስተር ክፍያ ጋር እንዲገጥም ሰብሳቢውን አሁኑኑ አነጋግሩ።

9. አመልክቱ

ሁለት ወይም ሦስት ትምህርት ቤት ጋ አመልክቱ፤ አንድ ላይ ብቻ አትንጠልጠሉ። የመረጃ ስብሰባቸው ላይ ተገኙና ተማሪዎቻቸውን ውጭ አግኝታችሁ አነጋግሩ። ያስገባችሁትን ሁሉ ኮፒ ያዙ።

ክትባታችሁን ደግሞ ዛሬ ፈትሹ። ክሊኒካል ከመጀመሩ በፊት የክትባት ማስረጃ ይጠየቃል። የልጅነት ካርዳችሁ ከአገር ቤት ከሌለ የደም ምርመራ ታደርጋላችሁ። የጉበት በሽታ ቢ ክትባትን ከመጀመሪያው መጀመር ካለባችሁ፣ የተለመደው ሦስቱ መርፌ ስድስት ወር ይወስዳል።