ሎጂክን በቤት ለሚማር ልጅዎ ሲያስተምሩ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ልጄ 14 ዓመት ሲሞላት በቤት ከምትማራቸው ትምህርቶች ጋር ሎጂክ ጨመርንላት። በምልክት የሚሠራውን ዘመናዊውን ማለቴ አይደለም፤ ከአርስቶትል ጀምሮ ሲወርድ የመጣውን፣ በቃል፣ በዐረፍተ ነገርና በሙግት የሚሄደውን ነው። ከታች ካሉት ስህተቶች አብዛኞቹን በመጀመሪያው ዓመት ራሴ ሠርቻቸዋለሁ።

በሕፀፅ ዝርዝር መጀመር

ከሁሉ የከፋው ይህ ነው። ሕፀፆች፣ ማለትም ትክክል የሚመስሉ ግን የተሳሳቱ ሙግቶች፣ ለመማር ይጥማሉ፤ ልጅ በሳምንት ውስጥ በቃሉ ይይዛቸዋል። ልጄም ያዘቻቸው፣ ከዚያም የሰው ንግግር ሁሉ ስም ይወጣለት ጀመር። ታናሽ ወንድሟ «አባዬ ነገ ትሄዳለህ ብሎኛል» ሲላት «ይህ በባለ ሥልጣን መመካት ይባላል» ብላ አፉን አስያዘችው። ጉዳዩን በትክክል የሚያውቀውን ሰው መጥቀስ ግን ሕፀፅ አይደለም። ስሙን አውቃለች፣ ሙግቱ የት ላይ እንደሚሰበር ግን አታውቅም ነበር። ጤነኛ ሙግት ምን እንደሚመስል ያላየ ልጅ የታመመውን ሊለይ አይችልም። ስለዚህ በጥንቱ ቅደም ተከተል ይሂዱ፦ መጀመሪያ ቃል፣ ቀጥሎ ዐረፍተ ነገር፣ ከዚያ ሙግት። ሕፀፆች መጨረሻ ላይ ይድረሱ።

እውነትን ከቅርጽ ጋር ማደባለቅ

ይህን ዐይነት ሙግት ይስጡት፦ «ወፎች ሁሉ ጡት ያጠባሉ፤ ርግብ ወፍ ናት፤ ስለዚህ ርግብ ጡት ታጠባለች።» ልጁ ወዲያው «ስህተት ነው» ይላል። ምኑ ነው ስህተቱ? መነሻው ሐሰት ነው፣ መደምደሚያውም ሐሰት ነው፤ ቅርጹ ግን እንከን የለበትም። መነሻዎቹ እውነት ቢሆኑ ኖሮ መደምደሚያው የግድ ይከተል ነበር።

አሁን ደግሞ ይህን፦ «ውሾች ሁሉ እንስሳት ናቸው፤ ቡችሎች ሁሉ እንስሳት ናቸው፤ ስለዚህ ቡችሎች ሁሉ ውሾች ናቸው።» ሦስቱም ዐረፍተ ነገሮች እውነት ስለሆኑ ልጄ «ትክክል» ብላ አለፈችው። «ቡችሎች» የሚለውን ሰርዛ «ድመቶች» ብላ እንድትተካ ነገርኳት። ሁለቱ መነሻዎች እውነት እንደሆኑ ቀሩ፣ መደምደሚያው ግን ድመትን ውሻ አደረገ። እርሳሷን አስቀምጣ ወረቀቱን ረጅም ጊዜ ስታየው ትዝ ይለኛል። ችግሩ ሁለቱን መነሻዎች ማገናኘት ያለበት «እንስሳት» የሚለው ቃል ላይ ነው፦ ከሁለቱ አንዱም ስለ እንስሳት ሁሉ አልተናገረም። ይህ ቃል የመለወጥ ዘዴ ከየትኛውም ደንብ በፊት መማር ያለበት ነው።

ቃላትን ሳያጠሩ ማለፍ

«ሕግ ሁሉ ሊጣስ ይችላል፤ የስበት ሕግ ሕግ ነው፤ ስለዚህ የስበት ሕግ ሊጣስ ይችላል።» ሦስት ቃል (ሕግ፣ ሊጣስ የሚችል፣ የስበት ሕግ) ያለው ይመስላል እንጂ አራት ነው፤ «ሕግ» ሁለት ትርጉም ይዞ ገብቷል። ትርጉም ማጥራት ላይ ሁለት ሦስት ሳምንት ቢወስዱ አይቆጭዎት።

የአማርኛውን ዐረፍተ ነገር እንዳለ መቀበል

የጥንቱ ሎጂክ አራት ዐይነት ዐረፍተ ነገር ብቻ ነው የሚያውቀው፦ ሁሉም ነው፣ አንድም አይደለም፣ አንዳንዱ ነው፣ አንዳንዱ አይደለም። የምንናገረው አማርኛ ግን እንዲህ ተለይቶ አይመጣም። «ሁሉም ተማሪዎች አልመጡም» ሲባል አንድም አልመጣም ማለት ነው ወይስ የቀሩ አሉ? ሁለቱንም ሊሆን ይችላል። «የሚያብረቀርቅ ሁሉ ወርቅ አይደለም» የሚለውም «አንድም» ለማለት ቢሆን ኖሮ ሐሰት በሆነ ነበር፤ ወርቅ ራሱ ያብረቀርቃልና። ከተተረጎመ መጽሐፍ ብቻ የሚያስተምር ሰው ይህን አያገኘውም። ልጁ በየቀኑ ከሚሰማው ንግግር አምስት ዐረፍተ ነገር ይዞ መጥቶ ወደ አራቱ ይመልሳቸው።

«አንዳንድ» ማለት በሎጂክ «ቢያንስ አንድ» ማለት ብቻ እንደሆነም ደጋግመው ይንገሩት፤ «ሁሉም አይደለም» የሚለውን በውስጡ አልያዘም።

ተቃርኖም እዚሁ ነው የሚስተው። አንድ ቀን ልጄ «ሁልጊዜ እኔን ብቻ ነው የምትቆጡት» አለችን። እኔም «በፍጹም ተቆጥተንሽ አናውቅም» አልኩ። ሁለታችንም ሐሰት ተናገርን። «ሁልጊዜ» ን ለማፍረስ አንድ ያልተቆጣንበት ቀን ይበቃ ነበር።

የላቲኑን ስሞች አስቀድሞ ማሸምደድ

ባርባራ፣ ቼላሬንት፣ ዳሪኢ፣ ፌሪዮ የሚሉት ስሞች በ13ኛው ክፍለ ዘመን መምህራን ይጠቀሙባቸው የነበሩ የማስታወሻ ዘዴዎች ናቸው፤ አናባቢዎቹ የዐረፍተ ነገሮቹን ዐይነት ይጠቁማሉ። ብልሃታቸው ያስደንቃል። ነገር ግን ሊኖሩ ከሚችሉት 256 የሲሎጂዝም (የሁለት መነሻና የአንድ መደምደሚያ ሙግት) ቅርጾች ትክክለኞቹ 24 ብቻ የሆኑበት ምክንያት በስም አይገኝም። መጀመሪያ እያንዳንዱን ቃል በክብ ወክሎ፣ ክብ በክብ ውስጥ እየሣለ ይየው።

ሁለት መጻሕፍትን ሳያስታርቁ ማስተማር

«መቶ ያመጡ ተማሪዎች ሁሉ ይሸለማሉ» እንበል፤ መቶ ያመጣ ግን የለም። በጥንቱ ሎጂክ ከ«ሁሉም» ተነስቶ «አንዳንድ» ማለት ይቻላል፤ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ከነበረው የሒሳብ ሊቅ ከጆርጅ ቡል ወዲህ የመጣው አካሄድ ግን ይህን አይፈቅድም። ከ24ቱም የሚተርፉት 15 ናቸው። እንግሊዛዊው የሎጂክ ሊቅ ጆን ቬን በ1880 ያሳተማቸው ክቦች የተከተሉት አዲሱን ነው። የተቃርኖን ካሬ (አራቱ ዐረፍተ ነገሮች እርስ በርስ ያላቸውን ዝምድና የሚያሳየውን ሥዕል) ከአንዱ መጽሐፍ፣ የቬንን ክብ ከሌላው ካመጡ ልጁ ለአንድ ጥያቄ ሁለት መልስ ያገኝና በራሱ ላይ እምነት ያጣል። አንዱን ይምረጡ፣ ልዩነቱንም በግልጽ ይንገሩት።

መልሱን ከልጁ አፍ መንጠቅ

ዝምታው ሲረዝም እኔ ነበርኩ የምቀድማት። አሁን «በሁለቱም መነሻ ውስጥ ያለው ቃል የትኛው ነው?» ብዬ እጠይቅና መጽሐፉን ዘግቼ እጠብቃለሁ። አንዳንዴ ዐሥር ደቂቃ ይፈጃል፤ ታገኘዋለች።