የሞኔን ካቴድራል ስትገለብጡ ድንጋይ አትቁጠሩ

ፀሐይ ያረፈበትን ሕንፃ በዘይት ቀለም መሳል ለሚማር ሰው፣ የፈረንሳዊውን ሰዓሊ የክሎድ ሞኔን የሩዋን ካቴድራል ሥዕል ገልብጦ እንዲሠራ እመክራለሁ። ኩረጃ ነው የሚሉ አሉ። ይበሉ፤ ሰዓሊዎች ሲማሩ የኖሩት እንዲህ ነው። ሞኔ ፈረንሳይ ውስጥ ከካቴድራሉ ፊት ለፊት ክፍል ተከራይቶ፣ እ.ኤ.አ. በ1892 እና በ1893 ከ30 የማያንሱ ሸራዎች ጀመረ። ፀሐይ የሞቀው አንዱ ዋሽንግተን ዲሲ፣ ናሽናል ጋለሪ ኦፍ አርት ውስጥ አለ። መግቢያው በነፃ ነው። እዚያ አካባቢ የምትኖሩ ሰበብ የላችሁም።

የብዙዎቻችን የመጀመሪያ ስህተት ከቅርጻ ቅርጹ መጀመር ነው። እኔ ከበሩ በላይ ያለውን ጌጥ በቀጭን ብሩሽ ስለቃቅም ሦስት ቀን ፈጀሁ። ራቅ ብዬ ሳየው ዳንቴል እንጂ ሕንፃ አልነበረም። ሞኔ ራሱ ጌጡን አንድ በአንድ አልሳለውም፤ ጠጋ ብላችሁ ብታዩ የተከመረ ቀለም ብቻ ነው። ዓይናችሁን ጠበብ አድርጉና ትልልቁን ጥላ ከትልልቁ ብርሃን ለዩ። አራት አምስት ቅርጽ ይበቃል።

ፀሐይዋ የት እንዳለች ሳይጠይቁ መጀመርም አለ። የካቴድራሉ ፊት ወደ ምዕራብ ነው። ስለዚህ ጠዋት ጥላ ውስጥ ነው፤ ፀሐይ በደንብ የሚያገኘው ከቀትር በኋላ ነው። ያኔ ብርሃኑ ከቀኝ ከላይ ይመጣል፣ ጥላውም ወደ ግራ ወደ ታች ይወድቃል። ይህን ካወቃችሁ አንድ ጥላ ቦታውን ሲስት ወዲያው ይታወቃችኋል።

ዋናው ጣጣ ግን ቀለሙ ላይ ነው። ብርሃን ሲባል ነጭ፣ ጥላ ሲባል ጥቁር እንጨምራለን። ውጤቱ ኖራ የተቀባ ግድግዳና ጥላሸት ነው። ፀሐይ ያገኘው ድንጋይ ነጩ ውስጥ ቢጫና ትንሽ ሮዝ አለበት። ጥላው የሰማዩን ሰማያዊ ይቀበላል፤ የበሩ ጥልቀት ውስጥ ደግሞ ከድንጋይ ድንጋይ የተንጸባረቀ ብርቱካናማ ሙቀት አለ። ብርሃኑን የሚያደምቀው አጠገቡ ያለው ሰማያዊ ነው፤ ነጭ ብታፈሱበት አይደምቅም። በነገራችን ላይ ሞኔ የተጠቀመው እርሳስ ከሚባለው ብረት የሚሠራውን ነጭ ቀለም ነው። የዛሬው ቲታኒየም ነጭ ጉልበተኛ ስለሆነ ቆጥባችሁ ተጠቀሙበት።

ከስልክ ላይ ብቻ አትገልብጡ። የአንዱ ስክሪን ወርቃማ የሌላው ግራጫ ነው። ጋለሪው በድረ ገጹ ጥራት ያለው ፎቶ በነፃ ስለሚያቀርብ እሱን አሳትሙ። ከተቻለ ግን ሄዳችሁ እዩት። እዚያው ቆማችሁ ለመገልበጥ ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ቅጂውም መጠኑ ከዋናው እኩል እንዲሆን አይፈቀድም።

የመጨረሻው ችኮላ ነው። የሞኔን ወፍራም ቀለም ስናይ ከመጀመሪያው ቀን ቀለም እንከምራለን፤ ከዚያ ሁሉም ተደባልቆ ጭቃ ይሆናል። የታችኛውን ሽፋን በአኳራጅ አቅጥናችሁ ቀቡ፣ መስኮትም ክፈቱ። እሱ ሲደርቅ የተልባ ዘይት የበዛበትን ወፍራሙን ከላይ አድርጉ። ሞኔ እንኳ ሸራዎቹን ቤቱ ወስዶ ሲያርማቸው ቆይቶ፣ የፈረመባቸው 1894 ብሎ ነው። እኛ ቅዳሜ ጀምረን እሑድ ማታ ሳሎን ልንሰቅል እንፈልጋለን።