በጅማ ከተማ ስለ ጥንብ አንሳ የተማሪዎች ዘጋቢ ፊልም እንዴት ይቀረጻል?

ስለ አዳኝና ጥንብ በል አእዋፍ ፊልም ለመሥራት የሚነሡ ተማሪዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚመኙት ንስርን ነው። ንስር ግን ሰፊ ክልል ይዞ ስለሚኖር፣ ጥቂት የቀረጻ ሳምንታት ብቻ ላሉት ቡድን በቀላሉ አይገኝም። ጅማ ላላችሁ የምመክረው በቄራው አካባቢ በጣሪያና በዛፍ ላይ የሚያርፈውን ትንሹን የጥንብ አንሳ ዝርያ (በእንግሊዝኛ Hooded Vulture) ነው። ላባው ጥቁር ቡናማ፣ ፊቱ ላባ የሌለውና ሮዝ፣ ምንቃሩም ቀጭን ነው። ይህ ምንቃር ጠንካራ ቆዳ ስለማይቀድ ወፉ ትልልቆቹ ጥንብ አንሳዎች የተዉትን ፍርፋሪና ከሰው የተረፈውን እየለቀመ ይኖራል። በየዕለቱ ስለምናየው የበዛ ይመስለናል፤ ዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት ግን በ2015 እ.ኤ.አ. ለመጥፋት እጅግ ከተቃረቡ ዝርያዎች ተርታ መድቦታል፤ ከዋና ዋና ምክንያቶቹም አንዱ መመረዝ ነው። የፊልማችሁ ጥያቄ ከዚህ ቢነሣ መልካም ነው፤ ከተማው ከዚህ ወፍ ጋር እንዴት እንደሚኖር ማሳየት ለአንድ የተማሪ ፊልም በቂ ጉዳይ ነው።

በመጀመሪያ ከትምህርት ክፍላችሁ የድጋፍ ደብዳቤ አጽፋችሁ ለቄራው ኃላፊዎችና ለቀበሌው አቅርቡ። ድሮን ፈቃድ ይጠይቃል፤ አውሮፕላን ማረፊያውም ለከተማው ቅርብ ነው። ከዚህ በላይ ግን ወፎቹን ስለሚያስደነግጥ ባትጠቀሙበት ይሻላል።

ቀጥሎ ያለው ሥራ ያለ ካሜራ የሚከናወን ሲሆን፣ ብዙ ቡድኖች የሚዘሉትም ይህንኑ ነው። ማስታወሻ ደብተር ይዛችሁ ወፎቹ የት እንደሚያድሩ፣ በስንት ሰዓት እንደሚነሡና ከየት አቅጣጫ እንደሚመጡ መዝግቡ፤ የዕርዱን ሰዓትም ከሠራተኞቹ ጠይቁ። ጠዋት ክንፋቸውን ዘርግተው ፀሐይ ሲሞቁ ታዩአቸዋላችሁ። መሬቱ ሲግልና ሞቃት አየር ወደ ላይ መውጣት ሲጀምር፣ ማለትም ከረፋዱ 3 ወይም 4 ሰዓት ገደማ ጀምሮ፣ በዚያ አየር ላይ ተንሳፍፈው እየተሽከረከሩ ይወጣሉ። ስለዚህ የቅርብ ምስል በጠዋት፣ የበረራ ምስል ደግሞ ረፋድ ላይ ይያዛል። የጅማ ዝናብ ረጅም ስለሆነ ቀረጻውን ከኅዳር እስከ የካቲት ባለው ደረቅ ወቅት ብታደርጉት ይመረጣል።

ቦታ ስትይዙ ፀሐይም ነፋስም ከጀርባችሁ ይሁኑ። ትልልቅ ወፎች የሚነሡት ነፋሱን ፊት ለፊት ተቀብለው በመሆኑ፣ ነፋሱን ጀርባ የሰጠ ካሜራ ወፉን ወደ ራሱ ሲመጣ ይቀርጸዋል። የቆመ ባጃጅ ጥሩ መደበቂያ ነው፤ ከእግረኛ ይልቅ ተሽከርካሪ ወፎቹን ብዙም አያስበረግጋቸውም። የ300 ወይም የ400 ሚሊ ሜትር ሌንስ ከጠንካራ ትራይፖድ ጋር ተጠቀሙ፤ ሌንሱ ከሌላችሁ ከቅርንጫፍ ወደ ጣሪያ የሚዘዋወሩትን ከነአካባቢያቸው ቅረጹ፤ እንዲያውም ከተማው የሚታይበት እንዲህ ያለው ምስል ለዚህ ርዕስ የበለጠ ይናገራል። በሴኮንድ 50 ፍሬም (ነጠላ ምስል) ቀርጻችሁ በ25 ብታሳዩት እንቅስቃሴው በግማሽ ይዘገያል፤ ሹተሩንም፣ ማለትም ለእያንዳንዱ ምስል ብርሃን የሚገባበትን ጊዜ፣ 1/100 ሴኮንድ አድርጉት። ጥቁር ወፍ በደማቅ ሰማይ ፊት ጥላ ብቻ ሆኖ እንዳይቀር ኤክስፖዠሩን (ካሜራው የሚቀበለውን የብርሃን መጠን) በእጅ ከፍ አድርጉ፤ ሰማዩ ቢነጣም ግድ የለም፤ ዋናው የወፉ ዓይንና ላባ መታየቱ ነው።

የመነሣቱን ቅጽበት ለመያዝ ጣታችሁ ሳይሆን ዓይናችሁ ይቅደም። ጥንብ አንሳው ከመብረሩ በፊት ብዙ ጊዜ ኩሱን ይጥላል፣ አንገቱን ወደፊት ያስግጋል፣ እግሩን እጥፍ ያደርጋል። ከእነዚህ አንዱን ስታዩ መቅረጽ ጀምሩ። በሚሻሙበት ጊዜ ደግሞ ፊቱን በቅርብ ያዙ፤ ሮዝ የነበረው ቆዳ ሲናደድ ወይም ሲደነግጥ ይቀላል፤ ይህን ለውጥ በአንድ ሳይቆረጥ በተያዘ ምስል ማሳየት የቻለ ቡድን ከማንኛውም ትረካ የበለጠ ተናግሯል።

ድምፅ ችላ አይባል። ይህ ወፍ ብዙም አይጮኽም፤ ስለዚህ የክንፉን ፉጨትና ጥፍሩ ቆርቆሮ ላይ ሲፋተግ የሚሰማውን ድምፅ ማይኩን አስጠግታችሁ ለብቻ ቅዱ። የነፋስ መከላከያም አልብሱት።

ምስል ለማግኘት ሲባል ሥጋ መጣል አይገባም፤ የወፎቹን ልማድ ያዛባል፣ ተመልካችንም ያሳስታል። ጎጆ ካገኛችሁ ርቃችሁ ቁሙ። ወፏ አንገቷን አስግጋ እናንተን ብቻ የምታይ ከሆነ ቀርባችኋልና ወዲያው ሂዱ፤ በአንድ ጊዜ የምትጥለው አንድ እንቁላል ብቻ ነው፤ ያ ከጠፋ የዓመቱ ድካሟ ይጠፋል።

ለቃለ ምልልስ የቄራ ሠራተኞችንና የአካባቢውን አረጋውያን አስቀድማችሁ አስፈቅዱ፤ ሰዎቹ በለመዱት በአፋን ኦሮሞ ይናገሩ። ትርጉሙን ኤዲቲንግ ከመጀመሩ በፊት ቋንቋውን አብጠርጥሮ የሚያውቅ ሰው ከቅጂው ጋር አመሳክሮ ያርመው፤ የተናጋሪው ሐሳብ በጽሑፉ ላይ የተዛባ ከሆነ ምስሉ ቢያምርም ያ ክፍል መግባት የለበትም።