የአሮጌ ዕቃን ዕድሜ ከመሳቢያው ይገምቱ
ከእንግሊዝ ወይም ከአሜሪካ የመጣ ባለመሳቢያ ቁም ሣጥን «የጥንት ነው» ተብሎ ሲቀርብልዎ፣ ከፊቱ ውበት ይልቅ መሳቢያውን አውጥተው ማዕዘኑን ይመልከቱ። እርስ በርስ የተቆላለፉት የእንጨት ጥርሶች ስፋታቸው የተለያየ ከሆነ፣ በግርጌያቸውም አናጢው ለልክ ብሎ በሹል ብረት ያሰመረው ቀጭን መስመር ከታየ፣ የእጅ ሥራ መሆናቸው አያጠራጥርም ማለት ይቻላል፤ ፍጹም እኩል ከሆኑ ግን አብዛኛውን ጊዜ እ.ኤ.አ. ከ1860ዎቹ ወዲህ የመጣ የማሽን ሥራ ነው። በጀርባው ሳንቃ ላይ የቅስት ቅርጽ ያለው የመጋዝ ጭረት ካለ፣ ክብ መጋዝ ገና ባልተስፋፋበት ዘመን፣ ማለትም ከ1830 በፊት፣ ተሠርቷል ለማለት እቸገራለሁ። ብሎን መፍታት ከተፈቀደልዎ ደግሞ ጫፉን ይዩ፤ ሹል ጫፍ ያለው ብሎን በፋብሪካ በብዛት መመረት የጀመረው በ1840ዎቹ መጨረሻ ገደማ ስለሆነ፣ ዱልዱም ጫፍ ቀደም ያለ ዘመንን ያመለክታል። ሆኖም ብሎን በቀላሉ የሚለወጥ ነገር በመሆኑ ብቻውን እንደ ማስረጃ አልቀበለውም።